ሞቆኛል ባይ

ክርጊዝ አገር፣ ናሪን ላይ፣ ጥር ሲገባ ወንዝ ይደድራል፤
ብረት በባዶ እጅ ቢነኩት ቆዳ ይዞ ይቀራል።
በዚያ ብርድ ነው የመጣችው፣ ቡሩልቻ ኤጄ፣
የሟች ባሏን አሮጌ ኦዲ አስጎትታ ደጄ።

«ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ሲነሳም እያሳለ፣
እንደ ሰካራም ይሄዳል፣ ግራ ቀኝ እያለ።
ሲሞቅ ግን በግ ነው፤ ያኔ ማን ያምነኛል?» አለች።
ወንበሩ ለረጅም ሰው እንደተገፋ ነው፤ በትራስ ትነዳለች።

ባትሪውን ጎረቤት ቀየረ፣ ካንዴላውን የእኅቷ ልጅ፤
«ሽጪው» አላት አማቿም፣ «አርጅቷል፣ የማይበጅ»።
እኔ ኤሰንጉል፣ ሠላሳ ዓመት ግራሶ ከጥፍሬ ያልለቀቀ፣
አንድ ነገር ነው የማውቀው፤ ምስጢር አይነግርም የሞቀ።
«ትተሽው ሂጂ» አልኋት፣ «ቁልፉን ማንም ሳይነካ ይደር፤
ሲታመም ካላገኘሁት በሽታው የት ይመርመር?»

አደረ።
ውሻዬ እንኳ ሥሩ አልተኛም፤ ምን ሙቀት አለና።

ንጋት ላይ ሃያ ሰባት ነው፣ ከዜሮ በታች ወርዶ፤
ራዲያተሩ ፊት ላይ ድር አድርቷል በረዶ።
ቁልፍ አዞርኩ፤ አቃሰተ። ደግሜ፤ ሳለና ተፋ።
ካንዴላ ነቀልኩ፤ ደረቅ ነው፤ የቤንዚን ሽታው ጠፋ።
ፓምፑ ያፏጫል፤ ፊልትሮው ንጹሕ፤ ካቦውም ብልጭታ አለው፤
ታዲያ ጎተራው ሙሉ ሳለ ማን ነው ጾም ያዋለው?

ከቴርሞስታቱ ጎን አለች፣ አውራ ጣት የምታህል፣
«ሞቀ፣ ቀዘቀዘ» እያለች ለኮምፒውተሩ የምትምል፤
ቴስተሬን አስነካኋት፤ ቁጥሩን ሁለቴ አነበብሁ፤
በእሷ ቋንቋ ዘጠና ዲግሪ! ጢሜ ላይ ግግር ዳበስሁ።

«ሞቆኛል» ትላለች እሷ፤ ያም የዋህ ሰምቶ አመነ፤
«ለሞቀው ቤንዚን ምን ሊሆን?» ብሎ ቆጥቦ መጠነ።

ሲሞቅማ ትክክል ናት።
ለዚህ አይደል ሳትያዝ የኖረች።

ከጓሮ ከሞተው ኦዲ የእሷን እኅት ፈትቼ
ተከልሁ። ሞተሪኖው ዞረ፤ ቆምሁ ጆሮዬን ሰጥቼ፤
አምስቱም ሲሊንደር ባንድ አፍ! ሚኒሞው ረግቶ ዋለ፤
ውሻዬም ከቤቱ ወጥቶ አጠገቡ ጋደም አለ።

«እንዴት ከረምሽ ኤጄ?» አልኋት፣ ብሯን ከመሐረብ ስትፈታ፤
«ደህና ነኝ» አለች፣ ሳልጨርስ፣ አፏ ላይ እንዳለ ሰላምታ።
ጓንት የለም። መሪው ላይ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤
ማሞቂያውን ከፈትሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።
«ሒሳቡ ይቆይ» አልኋት፣ በመስኮቱ ማዶ፤
ቁጭ ብላ ቆየች፣ እስኪቀልጥ ከመስታወቱ ላይ በረዶ።