አራተኛው መስመር

ከዞን የመጣው ቅጽ ሰባት መስመር አለው፤
አንደኛው «ስም» ይላል፣ እሱም አታካች ነው።
ከማዶ ያለው ሰው መልካ ጃርሳ ይለዋል፤
አርጎባ ሸማኔ በሌላ ያውቀዋል፤
ጣልያን በግንቡ ላይ ቀርጾ ሄዷል አንድ ስም፣
ቦርከና ልሶታል፣ ዛሬ አይነበብም።

ከፍታውን፣ ሕዝቡን ሞላሁት በግምት፤
መዝገቡን ወስዶታል የስልሳ ስድስት ክረምት፣
ድልድዩን ጨምሮ፣ የጸሐፊውን ወንበር።
አራተኛው መስመር «መሥራች» ብሎ ያበቃል፤
ሳጥኗ አውራ ጣት ታህላለች፣
አንድ ሰው ብታስገባ ሁለተኛው ይወድቃል።

ኦቦ ዱሌን ጠየቅሁ።
ትከሻቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤
ቆዳው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል።
«ድልድዩ ወድቆ ሳለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣
ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ሸህ ይሁን መነኩሴ፣
በዚች ነው ያለፈው፤
ሙስበሃም መስቀልም ተንጠልጥሏል ከራሴ።
መሥራች ግን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ውሃ።
ይልቅ ጦይባን ጠይቃት።»

ጦይባ እንዝርቷን ሳታቆም፣ ቀና እንኳ ሳትል፦
«ማን መሠረተው ትለኛለህ?
ባለ አሞሌው ከቆላ መጣ፣ ግመሎቹን ጭኖ፤
ደረሰ፣ ወንዙ ሞልቷል።
ለዛሬ ብቻ ብሎ ተኛ።
በማግስቱ ባሰበት።
በሦስተኛው ቀን እንጨት ቆረጠ፣ ጨውን ዝናብ እንዳይበላው።
በአራተኛው ከወዲያ ማዶ
እንደሱ ውሃ እስኪጎድል የሚጠብቅ ሰው አየ፤
ቋንቋቸው ባይገጥምም ተጯጯኹ።
ያችን ጩኸት ነው እናንተ ከተማ የምትሏት።»

ቢሮዬ ገባሁና፣
«መሥራች፦ ሙላት» ብዬ ማህተም መታሁበት።

በሁለት ሳምንቱ ቅጹ ተመለሰ፣
በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ የታረሰ፦
«አቶ ሙላት የተባሉት ግለሰብ የአባት ስም ስለጎደለ ተሟልቶ ይላክ።»
ምን ልበል?
«ቦርከና» ብዬ ሞላሁ። አልዋሸሁም።

ነሐሴ ላይ ኃላፊው ራሱ ከተፍ አለ፣
በነጭ ላንድክሩዘር፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ፣
የሙላት ቦርከናን ዘመዶች ሊያነጋግር፣
ለሐውልቱ የሚሆን ቦታም ሊመለከት።
እኔ ሻይ አዝዤለት ቃላት ስፈላልግ
ወደ ደሴ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤
ማታውን መሥራቹ ራሱ መጣ።

ድልድዩ ላይ የሰው ቁመት ውሃ።
አንደኛውን ሌሊት ኃላፊው በስልክ ሲቆጣ አደረ፣
ባትሪው እስኪያልቅ።
ሁለተኛውን ከኦቦ ዱሌ ጋር ገበጣ ሲጫወት፣ ሲሸነፍ፣
እንደገና ሲሸነፍ።
በሦስተኛው፣ ከጦይባ ደጅ በርጩማ ላይ ሆኖ፣
ጫማውን አውልቆ ወደ ማዶ አየ፤
እጁን አፉ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ጮኸ።
ከጨለማው ውስጥ
ማን እንደሆነ እንጃ
መለሰለት።

ዝም አለ ብዙ። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣
ፎቶ አንሺው እንዳይሰማ፦
«እዚህ ሁለት መቶ ካሬ ስንት ያወጣል?»