ሃያ ስምንት ማታ

ከቆሻሻው ቅርጫት ጓንቴን ቀዶ ገባ
ማን እንደተወጋበት ያላወቅሁት መርፌ፤
አንዲት ጠብታ ደም፣ የቁንጫ ንክሻ፤
ምራቄ ግን ነጠፈ፣ ቃል ጠፋ ካፌ።

«በሳሙና ታጠቢ፣ ጣትሽን አትጭመቂ፤
በሰዓቱ መጥተሻል፣ አትጨነቂ»
አለችኝ ሲስተር ዘምዘም።
«አትጨነቂ» ማለት
ጦሳ ላይ የተኛን ጉም «ተነስ» እንደማለት።

ብልቃጡን ይዤ ወጣሁ።
በእርምጃዬ ቁጥር ቋ ቋ ይላል ከውስጥ፤
ጥጥ ጠቀጠቅሁበት እንዳይሰማ ድምፅ።
በባጃጅ ተጭኜ ፒያሳን ሳልፍ
ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ በዓይኑ ጫፍ።

ለአማቴ «የጨጓራ ነው» አልኋት፤ አመነች፣
አብሽ በውሃ በጥብጣ አመጣች።
ሌሊት ያቅለሸልሸኛል፤ ሕልሜም አያምርም፤
የቃሉ ማሽላ መርፌ አፍርቶ አያለሁ፣
ወፍ እንኳ አይደፍርም።

በስድስተኛው ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣
ለእንድሪስ ነገርኩት ጀርባ ሰጥቼ።
ዝም አለ። ውሻ ጮኸ። ዝም አለ።
ኋላ ስልኩን አንስቶ
«በስንት ሰዓት ነው የምትውጭው?» አለ።

ከዚያ ወዲህ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን
የሱ ስልክ ነው የሚጮኸው፤
ውሃውን ይዞ ይቆማል፣ እስክውጠው።
ስለሌላው አናወራም። መሐላችን ያለውን ትራስ
እንዳላየ እናልፈዋለን፣ እስከ ምርመራው ድረስ።

ሃያ ስምንተኛዋን ዋጥኳት ትናንት ማታ።
ምርመራው ገና ነው፤
አንዱ ነሐሴ፣ ሌላው ከመስቀል በኋላ።
ዛሬ ጠዋት ጥጡን አውጥቼ
የጎመን ዘር ሞላሁበት።
እንድሪስ አንስቶ ነቀነቀው።
ቋ ቋ አይልም፤ ይንሿሿል።
ይንሿሿ።