አቤት

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጅ የሚዞርበት፣ ዙሪያው ሁሉ ጭቃ፣
ለሱቅ ተሠርታ ገዢ ያጣች ክፍል፤
ጠረጴዛ፣ አግዳሚ፣ ማኅተም፣ ሠላሳ አንድ ፋይል።

በሯ ላይ ታፔላ፦
«የፖሊስ በደል ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤ»።
ቀለም አልቆበት ነው ሠዓሊው፤ «ነገ እጨርሳለሁ» እንዳለ
«ት»ን ይዟት ሄደ፤ ይኸው ስምንት ወር፣ ሰሌዳው እንደ ጎደለ።

ኃላፊዋ እኔ ነኝ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አቧራ የቃምሁኝ።
ስሜም ብዙአየሁ ነው፤ አባቴ ሲያወጣው
እንዲህ ያለ እንጀራ መች በልቡ መጣው።

ፖሊስ አይደለሁም፣ ዳኛም አይደለሁም፣ ማሰር መፍታት አላውቅ፤
ሥልጣኔ ይኼ ነው፦ መስማት፣ መጻፍ፣ መጠየቅ፣
«ቢታይ መልካም ነው» ብሎ ደብዳቤ መላክ፣
በሦስት ወሩ ደግሞ መልሱን ማንበብ፦
«ጉዳዩ በውስጥ ታይቶ እርምት ተወስዷል።»
የምን እርምት? በማን? ወረቀት መች ያወራል።

ሳጅን መንበሩ ጎረቤቴ ነው፤ ከኔ ሁለት ብሎክ አልፎ።
ውኃ በሳምንት አንዴ ስትመጣ፣ በሌሊት፣
ቢጫ ጄሪካናችን ያድራል ጎን ለጎን ተሰልፎ።
የኔን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞልኝ ያውቃል።
ፋይል ቁጥር አሥራ ዘጠኝም የሱ ነው።

«እትዬ ብዙአየሁ» አለኝ አንድ ሌሊት፣ ባትሪውን አጥፍቶ፣
«አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሜ፣ ደሞዜ ዘግይቶ፣
እኛንስ ማን ይስማን?»
«ላንተም ፎርም አለ፤ ና ሙላ» አልሁት።
ሳቀ። ጄሪካኑን አነሳልኝ፤ አልከለከልሁት።
ሳምንቱን ሙሉ የጠጣሁት ውኃ
ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ ሰነበተ።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ ጃለታ ቱፋ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ሃያ አንድ ዓመት።
«ቁልፉን ነጠቀኝ» ይላል ቃሉ፣ በራሴ እጅ የጻፍሁት፤
«ለምን ስል በጥፊ መታኝ፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ ይጮኻል።
አቤ… ስል ሁለተኛው ደረሰ።»
እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ።
አቤ።
ሠዓሊው ይዟት የሄደው ፊደል የት እንደወደቀች ገባኝ።

ትናንት ልጁ ተመለሰ፤ ዝናቡ አብሮት ገባ።
ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ፣ ጫማው ጭቃ አዝሎ፣
በእጁ አንድ ገጽ፣ «አቤቱታዬን በፈቃዴ ትቻለሁ» ብሎ።
የእጅ ጽሕፈቱ የሱ አይደለም። ፊርማው ግን የሱ ነው።

«እናቴ ፈርታ ነው። መንጃ ፈቃዴም መታደሻው ደርሷል።
ደግሞ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ።»
እውነቱን ነው፤ ክፉ አይደለም።
ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አውቀዋለሁ።

ደንቡ፦ ባለቤቱ ከተወ ይዘጋል።
ማኅተሙን ከቀለሙ ነከርሁ።
ደንቡ ደግሞ፦ ከመዘጋቱ በፊት ባለጉዳዩ በስሙ ይጠራል።
ይህን ማንም አይሠራበትም፤ እኔም ሠርቼበት አላውቅም።
ሁለት ክንድ የማይርቀኝን ልጅ፣
በጥንቱ የችሎት ድምፄ፣ ጠራሁት፦
«ጃለታ ቱፋ!»

ብድግ አለ። ደህናውን ጆሮ ወደኔ አዞረ፣
ሰው ሲጠራው ማንም እንደሚለው፣ እናቱ እንዳሳደገችው፣
«አቤት!»
ከነ«ት»ው።

አንድ ቃል ነው ያለን፣
ለተጠራም ለተገፋም።
ማታለል ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ።
ማኅተሙን ጠርጌ መለስሁት። ከፋይሉ ግርጌ፣
ቀኑን ጽፌ፣ ሰዓቱን አድርጌ፦
«ባለጉዳዩ ቀርቦ አቤት ብሏል። መዝገቡ አልተዘጋም።»

ልጁ አየኝ። ወረቀቱን አጠፈው፤ ኪሱ ይክተተው ይቅደደው አላየሁም፤
ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ባጃጁን ሲያስነሳ ሰማሁ።

ዛሬ ሌሊት ውኃ ትመጣለች።
ሳጅንም ይመጣል፤ እንደ ልማዱ እጁን ይዘረጋል።
ሦስት ፎቅ ነው፤ ጉልበቴም ደክሟል።
ቢሆንም የራሴን ጄሪካን
ራሴ ነኝ የማወጣ።