ብሎኑ ላልቷል

ከጭዋሂት ካባ እስከ ጎርጎራ ዳር
አንድ ሐዲድ ነበረን፣ ወርዱ ክንድ ከስንዝር፤
ባቡር ነው እንዳይሉት ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣
አራት ጎማ ያለው ሳጥን ነው፣ ቁልቁለቱ የሚነዳው፤
ሽቅብ ሲመለስ ግን በቅሎ ነው የሚስበው።

ጣሊያን አነጠፈው፣ ለወደቡ ግንብ ድንጋይ እንዲያጓጉዝ፤
ግንቡ ሳይጋመስ ወጣ። ሐዲዱ ቀረ፣ ሳይሸከፍ እንደ ሌላው ጓዝ።
የደንቢያ ሰው ዞሮ ዞሮ አየው፣
«ብረት ተኝቶ አይበላም» አለና ሽምብራውን ጫነው።

ያኔ ነበር ቀኑ!
ቅዳሜ ሲሆን ሳጥኖቹ ጢም ብለው ቁልቁል ሲከንፉ፣
ጤፍ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የፍየል ሌጦ፣ ልጆች በየጠርዙ ሲለጠፉ።
አንዴም ሙሽራ፣ ጓዴ የምትባል፣ አጎዛ ላይ ተቀምጣ፣
ሚዜው ቢንቀጠቀጥባት ፍሬኑን ከእጁ ነጥቃ፣
አማቶቿ ደጅ ደረሰች እየሳቀች።

አባቴ አዛናው የመስመሩ ጠባቂ ነበር።
ገና ጎህ ሲቀድ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ
ከካባው እስከ ወደቡ ይወርዳል፣ ሐዲዱን እየመታ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ።
ደህናው ብረት ይዘምራል፤
የታመመው እንደ ተሰነጠቀ ጋን «ጧ» ይላል።
ያኔ ጎንበስ ይልና፦ «ብሎኑ ላልቷል።»
ይህን ቃል ከገዛ ስሜ በፊት ሳልሰማው አልቀርም።

ከዚያ የጎንደር መንገድ ተጠረገ፤
ኤንትሬ መጣ፣ አቧራውን እያስከተለ፣
መቶ ኩንታል ባንድ ጊዜ፣ ያውም ሽቅብ፣ ያውም በቅሎ ሳይለምን።
ሐዲዱን ማንም አልሻረውም። «በቃ» ያለም የለም።
አንዱ ቅዳሜ አንድ ሳጥን ጎደለ፣ ሌላው ቅዳሜ ሁለት፤
በስተመጨረሻ የቀረው ሳጥን ቆሞ፣ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት።

አባቴ ግን መዶሻውን አልሰቀለም።
ደሞዙ ከቀረ ዓመት አልፎታል፤ እሱ ይመታል፣ ያዳምጣል።
እናቴ፦ «የሞተን ምን ትጠይቀዋለህ?»
እሱ፦ «አልሞተም። ላልቷል።»

መጀመሪያ አግዳሚ እንጨቱ ሄደ፣ ለማገዶ፣ በሌሊት፤
ቀጥሎ ብረቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምርቃት።
ፈንታ ቀጥቃጩ ማረሻ አወጣለት፣ ማጭድ፣ የበር መቀርቀሪያ፤
ወይዘሮ ውባንቺ ሁለቱን ለቤቷ ምሰሶ አቆመች፣
«ምስጥ ሆይ፣ እስቲ ጥርስህን ሞክረው» እያለች።
ትምህርት ቤቱም ክንድ ተኩል ቆርጦ ዋርካው ላይ አንጠለጠለ።
እኔ ነኝ የምመታው፤ ዘበኛው፣ የአዛናው ልጅ፤
ሦስት ለመግቢያ፣ ሁለት ለእረፍት፣
ለመውጫውማ ልጆቹ አያስቆጥሩኝም።

ከመስመሩ የቀረው የተደለደለው አፈር ነው። «ጀርባው» እንለዋለን።
ሣር በቅሎበታል፣ አህያ ይሄድበታል፤
ዋልካው ክረምት እግር ሲውጥ፣ ቃሬዛ በሱ ላይ ያልፋል፣
ሬሳ ወደ ደብሩ፣ ምጥ የያዛት ወደ ጤና ጣቢያው፣
አንዳንዴ ሲተላለፉ አንዱ ለሌላው ጎን ይለቃል።

በዚያ ነሐሴ ድርማ ወንዝ ከአፉ ወጣ።
እኩለ ሌሊት ውሃው መደቤን ሲነካው
ወደ ዋርካው ሮጥኩ፣ መታሁት፣ ሳልቆጥር መታሁት።
ቁጥር የሌለውን ደወል ሰው ያውቀዋል።
ላሙን የጎተተ፣ ልጁን ያዘለ፣ ዶሮዋን ብብቷ የከተተች፣
ሁሉም ጀርባው ላይ ወጣ።
ሲነጋ ግራው ውሃ፣ ቀኙ ውሃ፣
መሃሉ አንድ ቀጭን ሰልፍ፣ ከሾላው እስከ ድልድዩ፦
ድንጋይ ያልጫነ፣ ሽምብራ ያልጫነ፣
መንደር የጫነ ባቡር፣ ባለበት የቆመ።

አባቴ ዛሬ ዓይኑ አያይም። ደጃፍ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።
ትናንት ማታ ስገባ፦
«ሦስተኛውን ምት ሰማኸው?» አለኝ።
«ምኑን አባ?»
ጆሮውን ዘንበል አደረገ እንጂ አልመለሰም።

ብረቱን ያንጠለጠልኩበት ሽቦ
ያለፈው በድሮው የብሎን ቀዳዳ ነው።
ነገ ልጆቹ ሳይመጡ
ዋርካው ላይ ወጥቼ አየዋለሁ።