አገር ስጪኝ

ኅዳር ተጋምሷል፤ ነፋሱ ከአትላንቲክ ጨው ጭኖ ይመጣል፤
ጣቴ ጓንቱ ውስጥ የእኔ መሆኑን ረስቷል።
ሉነንበርግ ቁልቁለቷ ላይ ቤቶቿን ደርድራ፣
ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ተራ በተራ፣
ወደቧን ትጠብቃለች።
እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤ ትራፓኖዬ ትጮኻለች።

ኦርፋ ዝዊከር ከታች ቆማለች፤ ሰማንያ ሁለት ነው ዕድሜዋ፤
የሟች ባሏ ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል ከትከሻዋ።
«ወንድ ይልካሉ ብዬ ነበር» አለችኝ መጀመሪያ፤
ቀጥላ ሣጥኑን ዞረችው፣ ያንን ነጭ፣ ባለ ማራገቢያ፤
«ይኼ ነው ቤቴን የሚያሞቅ? ውጭ ቆሞ? በዚህ ብርድ?
ከበረዶ ሙቀት ቀድቶ?» ሳቀች፣ ካፖርቱ እስኪርገደገድ።
በቋንቋዋ ሌላ ነው ያለችው፤ በእኔ ሲመነዘር፣
ከዝንብ ማር ማለቷ ነበር።

ጋዝ ሲጨመቅ እንደሚግል፣ ሲለቀቅ እንደሚቀዘቅዝ፣
ከዜሮ በታች ያለ አየር እንኳ ጥቂት ሙቀት እንደሚይዝ፣
ኮሌጅ ሳለሁ ጽፌዋለሁ፣ በእርሳስም በእስክሪብቶም፤
መሰላል ላይ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ግን፣ አንዱም ቃል አልመጣልኝም።

ዝም ብዬ በሳሁ። ግድግዳው የመቶ ሃምሳ ዓመት ጥድ ነው፤
መጀመሪያ ተከራከረኝ፤ እሺ ያለኝ ሲደክመው።
ግን ሰጋቱራ ብቻ አልነበረም ከቀዳዳው የወጣ፤
ጥቁር፣ ቀጭን፣ የተቋጠረ ነገር ተጎትቶ መጣ፤
ፀጉር እንዳልል፣ ፀጉር አይደለም።
«የባሕር ሣር ነው» አለች ኦርፋ፤ ተቀብላ አሸተተችው፤
«የአያቴ አባት ነው ማዕበል የጣለውን ለቃቅሞ ያደረቀው፣
በየግድግዳው የጠቀጠቀው።
አይነድም፤ አይበሰብስም፤ አይጥም አይበላው።»
መልሳ ሰጠችኝ። ኪሴ ከተትኩት፣ ከቡሎንና ከካቻቢቴ መሀል።
ሰው ያለ ኮሌጅም ይማራል።

ረፋዱ ላይ ክላይድ መጣ፣ ቦቴው ዳገቱን እያቃሰተ፤
ሠላሳ አንድ ክረምት ይህን ቤት ናፍጣ ሲግት የሰነበተ።
ዛሬ ሊሞላ አይደለም፤ የተረፈውን ሊመጥ ነው፤
ምድር ቤት ያለውን በርሜል አራቁቶ ሊተወው።
ቱቦውን ዘረጋ፤ አላየኝም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ።
አልፈረድኩበትም፤ ሰው ጉሮሮውን ከሚዘጋበት ጋር ምን ይጫወታል?
ኦርፋ ሻይ ሰጠችው። ቆሞ ጠጣ።

ማሽኑ ተነሣ፤ ድምፁ እንቅልፍ እንደያዛት ድመት፤
ኦርፋ መዳፏን ዘረጋች፣ ካፊያ ጀመረ አልጀመረ እንደምትል ሴት።
ትንሽ ቆየ።
ደግሞ ቆየ።
ከዚያ ካፖርቱን አወለቀች።

ያኔ የልጅነቴ ጨዋታ ምላሴ ላይ መጣ፤
«እንቆቅልሽ!» አልኳት፤ ምን አውቅልሽ እንድትል አስጠናኋት፤
አጣማ፣ ሰባብራ አለችው።
«ሳይነድ የሚያሞቅ፣
ሳይከፈለው ቤት የሚጠብቅ፣
መቶ ዓመት ቆሞ የማይታወቅ?»
«ይኼ ሣጥን!»
ሣጥኑማ ገና ዛሬ መጣ።
«ባሌ!»
ክላይድን ሻዩ ትን አለው።
«አላወቅሽም፤ እንግዲያው አገር ስጪኝ።»
«አገር?»
«ደንቡ ነው፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል።»
ጨዋታ መሆኑን ረሳች፤ በመስኮቱ ወደቡን አየች፤
«እሱንስ የእኔዎቹ ከሚክማቅ ሕዝብ ሳይጠይቁ ነው የወሰዱት» አለች፤
«ያልሰጡኝን እንዴት ልስጥሽ?»
ከበሩ በኩል ክላይድ፣ የዕለቱን የመጀመሪያ ቃል፣
«ሃሊፋክስን ስጪያት! ማን ይፈልገዋል?»

ሃሊፋክስን ተቀበልኩ፣ ከነድልድዮቹ፣ ከነመኪና ማቆሚያ ቅጣቱ፤
ከዚያ ኪሴን ፈትሼ መልሱን መዳፏ ላይ አኖርኩት።
አልሳቀችም። ሣሩን ወደ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው።

ልሄድ ስል መሰላሉ ላይ ተመለስኩ፤
በመዳቡ ቱቦ ዙሪያ ክፍተት ነበር።
ፎም መኪናዬ ውስጥ አለ፤ አላወረድኩትም፤
ኦርፋ የሰጠችኝን ሣር በጣቴ ጠቀጠቅኩት።
ከሥሬ መሰላሉ መነቃነቁን ተወ።
ቁልቁል ሳይ ክላይድ ነው፤ ናፍጣ በጠገበ እጁ ይዞልኛል፤
ቀና ሳይል፣ ለነፋሱ እንደሚያወራ፣
«ጥግ ላይ ላለች ባለ ፎቅ ቤት» አለ፣
«ስንት ያስከፍላል?»