ማቀባበል

ከመስታወቱ ሥር፣ ከቀይ ከፈይ ላይ፣
ጎን ለጎን ተጋድመዋል፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ።
ኤርሊን ፕሩዊት መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤
ከስማቸው በፊት ዋጋቸውን አነበበች።

ውጭ፣ የላበክ ነፋስ የጥጥ ብናኝ ይዞ በሩን ይገፋል፤
ሻጩ ዶይል፣ ወፍራም፣ ጨዋ፣ ለእያንዳንዱ ቃል ይለፋል።
«ይኼኛው አምስት ጎራሽ ነው፤ ሆዱ ይዞራል፤ የድሮ ሥሪት፤
አይነክስም፤ ቃታውን መሳብ ነው፤ ሌላ የለውም ሥርዓት።
ይኼ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ከልብስ ሥር አይታወቅም፣ ጉድ!
አሥር ይጎርሳል፤ አፉ ላይ ሲጨመር አሥራ አንድ፤
ብቻ ከመተኮስዎ በፊት ማቀባበል ግድ።»

ማን እንዳወጣለት እንጃ እንጂ፣ ስሙንስ አውቆ ነው፤
ሽጉጥ መባሉ ተሸጉጦ ስለሚኖር ነው።
ጠመንጃ ትከሻ ላይ ወጥቶ ይፎክራል፤ ይኼ ግን ከሹራብ በታች ገብቶ
ከሆድ ዕቃ ጋር ይሞቃል፣ እንደ ሐሜት፣ ቃል ሳያወጣ ሰንብቶ።

ሮይስ እያለ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱን ማታ የሚዘጋው እሱ ነበር፤
ሳንቲሙን በቀለም ቆርቆሮ ይዞ፣ እያፏጨ፣ በጓሮ በር።
ከቀበሩት ወዲህ የምትዘጋው እሷ ናት።
ባለፈው ጥቅምት ከማድረቂያዎቹ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ አገኘች።
ምንም አላደረገም። ሰዓት ጠየቃት። ነገረችው። ሄደ።
እሷ ግን መኪናዋ ውስጥ ነጋባት፤ ጉልበቷ እንደራደ።

ጠፍጣፋውን አነሳች። ቀላል ነው፣ እንደ ሳሙና።
አናቱን ወደ ኋላ ልትስብ፣ ጣቷ ተንሸራተተ፤ እንደገና፤
እንደገና። ሠላሳ ዓመት አንሶላ የጠመዘዘ አንጓዋ
አብጦ እምቢ አላት፤ አፈረች በገዛ እጇ።
«ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይቸገራል» አለ ዶይል፣ ጣሪያውን እያየ።
ውሸቱን ነው። ጨዋነቱ ግን ታየ።

ክቡን አነሳች። ከበድ ይላል፣ ልክ የሮይስ መዶሻ።
ቃታው አንዴ አቃታት፤ በሁለት ጣት ግን፣ ቀጭ፣ በመጨረሻ።
«ያምርብዎታል» አለ፣ ጫማ እንደሚሸጥ፤
በየተራ ከሹራቧ ሥር፣ ቀኝ ዳሌዋ ላይ፣ አደረገች ሽጉጥ።

መስታወት ፊት ዞረች። ጎንበስ አለች፣ ሳንቲም እንደምታነሳ።
ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተንጠራራች፤ ሹራቧ ተነሳ።
ጠፍጣፋው የለም፤ ጠፋ። ክቡ ግን ጎኗ ላይ ጎላ፣
በስድሳ ሰባት ዓመቷ ያረገዘች መሰላት። ሳቀች።
ኋላ
ሳቋን ዋጠችው። ብራንት ትዝ አላት።
የልጇ ልጅ። አምስት ዓመቱ። ዓርብ ዓርብ ከአውቶቡስ ወርዶ፣
ቦርሳው ከኋላው እየዘለለ፣ ሮጦ፣
ግንባሩን የሚደፋባት እዚህ ነው። ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው።
ትክክል እዚህ።
መዳፏን አኖረችበት። ብረቱ ሞቆ ነበር።

«በግራስ?»
«ለመምዘዝ ይዘገያል።»
«ከጀርባ?»
«ወንበር ላይ ይቆረቁራል።»
«ቦርሳዬ ውስጥስ?»
«ቦርሳ ይነጠቃል። ደግሞ ልጅ ይከፍተዋል።»
ይህን ካለ በኋላ ዶይል ዝም አለ፤ ከፈዩን በጣቱ አስተካከለ፤
የማን ልጅ ትዝ እንዳለው አልነገራትም፤ ያለፈም ነገር ካለ።

ክቡን ገዛች፤ ባለ ቁልፍ ሣጥንም ጨምራ።
ሰኞም ማክሰኞም ታጠቀችው፤ በሯን ዘጋች፤ ሳንቲሟን ቆጠራ
ጨረሰች፤ የመጣ የለም። ማድረቂያዎቹ ብቻ ነበሩ የሚያንኮራኩሩት።

ዓርብ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ሣጥኑን ቆልፋ፣ ደግማ ነካክታ፣
ባዶ መሆኑን እያወቀች ቀኝ ጎኗን መልሳ ዳስሳ፣ ቀርታ፣
ተንበረከከች። አስፋልቱ ላይ። በዚያ በታመመ ጉልበቷ።
ማቀባበል ያቃታቸው እጆች ልጁን ተቀበሉት፤ ተንጠለጠለ ካንገቷ።

«ምነው አጠርሽሳ?» አላት፣ ጆሮዋ ሥር፣ በላብ ርሶ።
«ነፋሱ ነው» አለችው፣
ለመነሣት የእሱን ትከሻ ይዛ።