ዞሮ የሚወጣ

ሊምቤ ላይ ሰኔ ሲገባ ቆርቆሮው ቀን ከሌት ያጓራል፤
ያቃፊው ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።
መርፌዬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ክሬን በምራቄ አሹዬ፤
ቅጠል በመገነዝ አለቀ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕድሜዬ።

ዛሬ የመጣው ወረቀት ቁጥሩ አራት መቶ ሰባት፤
የተነቀለው ከኩፔ ተራራ ሥር፣ ከወንዝ አፋፍ፣ በጠዋት።
ሰብሳቢው፦ የባዕድ ስም፣ በጥቁር ቀለም፣ በተማረ እጅ፤
መቱጌ የለበትም፤ አባቴ፤ ሳንቃውን የተሸከመው፣ ያገሩ ልጅ።

የፊተኛው ሊቅ የጻፈው፣ ደብዝዞም ቢሆን ሲነበብ፦
«ግንዱ ለምለም፣ እንጨት የሌለው፤ ቁመቱ እስከ ሰው ወገብ።
ቅጠሉ ግራና ቀኝ ተፈራርቆ፣ በሁለት ረድፍ የቆመ፤
አበባው ነጭ፣ አንድ ሰፊ ከንፈር፣ ጉሮሮው በቢጫ የተቀለመ።
ቤተሰብ፦ ዝንጅብል።» ብሎ፣ ነጥቡን አሳርፎ፣ ዘጋ።
አርባ ዓመት ከኮረሪማ ዘመዶች ጋር ተኛ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ አልጋ።

ይበሉ እንጂ።

አባቴ ግን ማታ፣ ጭቃውን ከእግሩ ሲያራግፍ፣
(ሞቷል፤ ድምፁ ግን እዚህ ነው፣ ከዚህ ክር ጫፍ)
እጁን ባየር ላይ ያዞር ነበር፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ፦
«አይፈራረቅም፣ ኤውቤ፤ ይዞራል፤ ግንዱን እየዞረ ይወጣል፣ እርምጃ በርምጃ።
አንዱ ቅጠል ካንዱ በላይ፣ ትንሽ ፈንጠር፣ ትንሽ ዞር፤
አሽቼ አሽትቼዋለሁ፤ ዝንጅብል አይደለም፤ ውሃ ነው፣ ውሃና አፈር።
ሲጠማኝ ግንዱን ሰብሬ አኝኬዋለሁ፤ ውሃው ሎሚ ሎሚ ይላል፤
ዝንጅብል ቢሆን ምላስ ባቃጠለ፤ ይሄ እኮ ያበርዳል።
ነገርኩት። ሳቀ። ‹ወረቀቱ ላይ አይታይም› አለ።»
እውነቱን ነው፤ ዙረቱን ሳንቃው ገደለው፤ ጠፍጥፎ፣ ግራና ቀኝ ከፍሎ ጣለ።

ትናንት ከደረቁት አበቦች አንዲቱን በፍል ውሃ አራስኳት፤
እንደ ሕፃን ጡጫ ነበረች፤ በጉጠት ጫፍ ቀስ ብዬ ፈታኋት።
ወንዴው አንድ ብቻ፣ ሰፊ፣ ራሱን አበባ ያስመሰለ፤
የቀሩት አምስቱ መካን ናቸው፤ ተጋጥመው፣ ያ ነጭ ከንፈር ከነሱ በቀለ።
ያልወለዱት ናቸው ለካ ንቡን የሚጠሩት፣ ደጁን ይዘው፤
ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም አልወለድኩ። ልተወው።

በቀን አንድ ታወጣለች፤ ጎሕ ሲቀድ ነጭ፣ ሲመሽ ረግፋ፤
በማር ደሞዝ ዘብ ቀጥራለች፤ ጉንዳን ነው፣ ከሽፋኗ አይጠፋ።
ዘርሽ ከወዴት ነው ብለው ቢጠይቋት ምን ትላለች?
እሷ ዘሯን በፍሬዋ ሆድ፣ ጥቁር አድርጋ፣ ቋጥራለች።

ንቱቤ ከበሩ ሆና፦ «ተይው፣ ለመርፌ እንጂ ለፍርድ አልተቀጠርሽም» ትላለች።
እውነቷን ነው፤ የደሞዝ ፊርማዬም ይህንኑ ታውቃለች።

ስም የሚያወጣው መልአክ ከሆነ፣ ያን ለት ኩፔ ላይ አልነበረ፤
ዝናብ ነበር፣ እርጥብ ጋዜጣ፣ አንድ ሰው ትከሻው በሸክም የሻከረ።

በእርሳስ ጻፍኩ፣ በትንሽ ቁራጭ፣ ከግርጌ ለጠፍኩት በሙጫ፦
«ቅጠሉ ይዞራል። ሽታ የለውም። ከዝንጅብል ይለይ፣ ይቀመጥ ለብቻ።
ምስክር፦ መቱጌ።» እዚህ ጋ እጄ ከዳኝ፣ ፊደሉ ተንጋደደ፤
ከላይ ያለው የባዕድ ስም አልፈረሰም፤ ሰማይም አልተናደ።

ሊቋ ሐሙስ ከያውንዴ ትመጣለች፤ ትስማማ አትስማማ እንጃ።
ክሩን በጥሼ ስነሳ ጣቴ ባየር ላይ ዞረ፣ አንዴ፣ እንደ ደረጃ።